ክረምትና የስልክ መስመር በጉና ግርጌ

ነጋዴ ሁለት መንገድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ዕቃው የሚሄድበት፥ ሁለተኛው ቃሉ የሚሄድበት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በገሳይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በክረምት ናዳ ሲወርድበት ወይም ጎርፍ ሲበላው ጉዳቱን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። የስልኩና የኢንተርኔቱ መስመር ግን ሲበላሽ ለዓይን አይታይም፤ መበላሸቱ የሚታወቀው ሰው ቸኩሎ ሊደውል ወይም ገንዘብ ሊልክ በተነሣ ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ በገሳይ ገበያ ድንችና ገብስ የሚገዛ ነጋዴ የባሕር ዳርን ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው፤ መኪና የሚያዘውም በስልክ ነው፤ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚከፍለውና የሚቀበለው በዚያው በስልክ ሆኗል። ስለዚህ መስመሩ ሁለት ቀን ቢቋረጥ የሚቀረው ወግና ጨዋታ ብቻ አይደለም። ድንቹ በጆንያ ውስጥ እንዳለ ይሞቃል፥ ይበሰብሳልም፤ ባላገሩም የሸጠበትን ገንዘብ ሳይዝ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የአገሩ ጠባይም ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፥ ስሟም ጠባይዋን ይናገራል፤ በአጠገባቸው የሚታየው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፥ ደመናም ይሆናል፤ ከዚያም ዝናብ፥ በረዶና መብረቅ ይከተላል።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያን ጊዜ መስመር ማለት በእንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነበርና እንጨቱ ሲወድቅ ሽቦውም አብሮ ይወድቅ ነበር። ዛሬ የመስመሩ ዐይነት በዝቷል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የየራሱ የክረምት ጠላት ስላለው፥ ነጋዴው በመደብሩ ያለው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው የመዳብ ሽቦ ነው። በዚህ ሽቦ ውስጥ 48 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ አለ። የሽቦው ልባስ ተሰንጥቆ ወይም መገጣጠሚያው ላልቶ ውሃ ከገባበት፥ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ይሾልካል፤ መዳቡም እየዛገ አረንጓዴ ይሆናል። የሰው ድምፅ የሚጓዘው እስከ 3,400 ሄርዝ በሚደርስ ዝቅተኛ ሞገድ ስለ ሆነ፥ እየተንጫጫም ቢሆን ያልፍ ይሆናል፤ በዚያው ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ግን 1 ሚሊዮን ሄርዝና ከዚያም በላይ በሚደርስ ሞገድ ስለሚጓዝ እርጥበቱ ፈጥኖ ያዳክመዋል። ስለዚህ በዝናብ ቀን ስልኩ ሲንጫጫ ወይም ኢንተርኔቱ ሲዘገይ፥ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ደግሞ ሲመለስ፥ «ተሻለው» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ፀሐዩ ሽቦውን አላዳነውም፤ ውሃው የገባበት ቀዳዳ ለሚቀጥለው ዝናብ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ፋይበር የሚባለው ከጠጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ ዝናብም ሆነ ነጎድጓድ መልእክቱን አያውከውም። ጠላቱ ናዳ፥ ጎርፍና የሚወድቅ ዛፍ ነው፤ ከተቆረጠም ባለሙያ በልዩ መሣሪያ ክሩን አቅልጦ እስኪያጋጥመው ድረስ መስመሩ ፈጽሞ ይቆማል።

ሦስተኛው ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደው ነው። የእጅ ስልክ ከማማው ጋር የሚገናኝበት ሞገድ ረዘም ያለ ስለ ሆነ ዝናብ እምብዛም አያግደውም። ነገር ግን ከማማ ወደ ማማ፥ ወይም ከሳተላይት ወደ ሳሕን የሚተላለፈው ሞገድ ብዙ ጊዜ ከ10 ጊጋ ሄርዝ በላይ ነው፤ የዚህ ሞገድ ርዝመት ከ3 ሳንቲ ሜትር ያነሰ በመሆኑ የከባድ ዝናብ ነጠብጣብ ይውጠዋል፥ ይበትነዋልም። እንዲህ ያለው መቋረጥ ዶፉ ሲያልፍ ወዲያው ይመለሳል። ረጅሙን ዝምታ የሚያመጣው የመብራት መጥፋት ነው፤ ባትሪው ካለቀና ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካጣ፥ ማማው ቆሞ ሳለ ድምፁ ይጠፋል።

መብረቅ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። አንድ መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ በቀጥታ ባይመታ እንኳ በአቅራቢያው ባለ ሽቦ ላይ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፥ ይህም በመብራቱና በስልኩ ሽቦ በኩል ወደ ቤት ይገባል። ብዙ ሰው የሞደሙን የመብራት ሶኬት ነቅሎ የስልኩን ሽቦ እንደ ተሰካ ይተወዋል፤ ይህም አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ እንደ ማደር ነው። ሁለቱም መነቀል አለባቸው፤ የሚነቀሉትም ደመናው ገና ሲከብድ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅምና፥ ያን ጊዜ ሽቦ መንካትም ሆነ ሽቦ ባለው ስልክ መነጋገር ለሕይወት ያሰጋል።

ከዚህ ሌላ ነጋዴው በሕግ በኩል ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዕቃ በቀጠሮው ሳይደርስ ወይም ሒሳብ ሳይከፈል ሲቀር «በዝናብ ምክንያት መስመር አልነበረም» የሚል መልስ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 እንደሚያስረዳው፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። በተከታዩ ቁጥር መብረቅና ጎርፍ እንደ ነገሩ ሁኔታ በዚህ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ተመልክቷል። ነገር ግን አስተዋይ ሰው አስቀድሞ ሊያስበው ይገባው የነበረ ነገር ያልታሰበ ነው አይባልም። የሐምሌ ዝናብ በየዓመቱ በሐምሌ ይመጣል። ስልኩ በዝናብ እንደሚንጫጫ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ምክንያት ይዞ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ነገሩ ይከብደዋል። ከዚህ የሚሻለው፥ ከገዢ ጋር ሲዋዋሉ መስመር ቢቋረጥ ሒሳቡ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚታሰብና ክፍያው ስንት ቀን እንደሚታገሥ በጽሑፍ መስማማት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሥራው በግንቦት መሠራት አለበት። ከውጭ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ከቀዳዳው በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ መታጠፍ ይገባዋል፤ ያለዚያ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሞደሙ ይወርዳል። ከሽቦው ጋር የሚፋተግ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፥ ያዘመመ የስልክ እንጨት ወይም የተላጠ ሽቦ ቢታይ፥ ራስ ወጥቶ ከመነካካት ይልቅ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ማመልከት ይበጃል። ያመለከቱበትንም ቀን በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ክርክር ሲነሣ ምስክር የሚሆነው ይኸው ነው። የመደብሩን የመሬት ሽቦም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንዲመረምረው ማድረግ ደግ ነው።

ሁለት መስመር የያዘ ነጋዴም ሁለቱ በእርግጥ ሁለት መሆናቸውን ይመርምር። ሁለት ሲም ካርድ ከአንድ ማማ የሚያገለግሉ ከሆነ ማማው ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ሞደሙና የእጅ ስልኩም በአንድ ሶኬት ብቻ የሚታመኑ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የተሞላ ፓወር ባንክ፥ የደንበኞች ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ መገኘቱ፥ ለገበያ ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብና የዱቤ መዝገብ፥ እነዚህ ውድ ያልሆኑ የክረምት ዕቃዎች ናቸው።

በገበያ ቀን ባላገሩ ሌሊት ተነሥቶ ጭነቱን በጭቃ መንገድ ያመጣል። ዝናቡ እንደሚመጣ ዐውቆ ልብሱንና ጆንያውን አዘጋጅቶ ነው የሚነሣው። ነጋዴውም እንደ እርሱ ተዘጋጅቶ ከጠበቀው፥ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ግብይቱ አይቋረጥም።