ግሪሣና የማሽላ ጥበቃ በሀብሩ ቆላ

የሀብሩ ወረዳ በደቡብ በሚሌ ወንዝ፥ በሰሜን በአላውሃ ወንዝ ይወሰናል፤ በምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ጋር ይዋሰናል። ከደሴ ተነሥቶ በውርጌሳና በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው የወረዳው ቆላ ዋና ሰብል ማሽላ መሆኑን ለማየት አይቸገርም። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ግን ግሪሣ የምትባለው ትንሽ ወፍ በመንጋ ትወርድበታለች። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ወፏን ለመክሰስ ወይም ለመከላከል አይደለም፤ ሰብሉን ከእርሷ የመጠበቁ ድካምና ወጪ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ለመግለጽ ነው።

ግሪሣ ክብደቷ ከ15 እስከ 20 ግራም ብቻ ነው። የተፈጥሮ ምግቧ የዱር ሣር ፍሬ ነው። ዝናብ ጥሎ የወደቀው ፍሬ ሲበቅል መንጋው የሚለቅመው ስለሚያጣ ዝናቡን እየተከተለ ከአገር አገር ይዘዋወራል። የሣር ፍሬ ባነሰ ጊዜና ቦታ ወደ እርሻ ፊቱን ያዞራል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገምተው አንዲት ግሪሣ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ለአንዲት ወፍ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ ሁለት ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ ግን በአንድ ቀን 200 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው።

ባላገሩ የሚከላከለው በማሳው መካከል ማማ ሠርቶ፥ ወንጭፍ እየወነጨፈ፥ ጅራፍ እያጮኸ ነው። ወፏ አጥብቃ የምትመገበው ጧትና ወደ ማታ ስለ ሆነ ጠባቂው ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የልጆች ነው። ማሽላው የሚያሸትበት ወራት ደግሞ ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ከመስከረም ጋር ይገጥማል። ገንዘብ ያለው ጠባቂ ይቀጥራል፤ የሌለው ልጁን ከትምህርት ያስቀራል፤ ልጅም ገንዘብም የሌላት ባልቴት እህሏን ታጣለች። ይህ ወጪ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ አይጻፍም።

የዘር ምርጫም ከዚሁ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ግራና 1ን የመሳሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥቷል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ቶሎ የሚደርስ ዘር ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰውን ሲዘሩ አንድ ሰው ብቻ ፈጥኖ የሚደርሰውን ቢዘራ፥ የአካባቢው ወፍ ሁሉ በእርሱ ማሳ ላይ ያርፋል። ብዙ ገበሬዎች አንድ ላይ ቢዘሩት ግን ጉዳቱ ይከፋፈላል። እንዲሁም ወፍ የማይወደው ቀይ ማሽላ ጣኒን የሚባል የሚመር ነገር ስላለበት ለእንጀራ አይመረጥም፤ ለእንጀራና ለገበያ የሚፈለገውን ነጩን ወፏም ትፈልገዋለች። ስለዚህ አዲሱን ዘር የማይቀበለውን ባላገር ግትር ነው ከማለት በፊት ሒሳቡን መመርመር ይገባል።

ሌላው መንገድ አይሮፕላን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ ግሪሣንም የመከላከል ኃላፊነት አለው። ፌንትዮን የተባለው መርዝ ወፎቹ ተሰብስበው በሚያድሩበት ቦታ ላይ ማታ ይረጫል። መንጋው በአንድ ሌሊት ሊመነምን ይችላል፤ ነገር ግን መርዙ ወፍ ከወፍ አይለይም። የሞተችውንና ያጣጣረችውን ግሪሣ የሚለቅሙ ጭላት፥ ጭልፊትና አባ ኮዳ አብረው ይሞታሉ፤ እነዚህ ግን ግሪሣን በመብላት ገበሬውን የሚረዱ ናቸው። ከዚህም በላይ ወፏ በአንዱ ክልል አድራ በሌላው ልትመገብ ትችላለች። ማሽላ ወተት ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለ ሆነ ማመልከቻው ከቀበሌ ተነሥቶ እስከ ላይ ሲደርስ ጊዜው ካለፈ፥ አይሮፕላኑ ቢመጣም የሚያድነው እህል የለም።

ወፍን ፈጽሞ ማጥፋት መፍትሔ እንዳልሆነ ከቻይና መማር ይቻላል። በ1958 እ.ኤ.አ. የቻይና መንግሥት ድንቢጥ እህል ትበላለች ብሎ ሕዝቡን አዘመተባት፤ ድንቢጦቹ ካለቁ በኋላ ግን ነፍሳት ስለ በዙ በ1960 እ.ኤ.አ. ከጠላት ዝርዝር ወጥታ ትኋን ተተካች። ግሪሣም ብትሆን ጫጩቶቿን መጀመሪያ የምትመግበው ነፍሳት ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላ ያደረሰውን ጥፋት ያየ ሰው የነፍሳትን ኃይል አይንቅም።

እንግዲህ በቅድሚያ ሊደረግ የሚገባው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ አዲስ ዘር ለአንድ ገበሬ ሳይሆን ለአንድ ጎጥ ሁሉ በአንድ ወቅት ይሰጥ። ሁለተኛ፥ ወፏ የምታድርበት ቦታ ማሽላው ከማሸቱ በፊት ይፈለግ፤ ለዚህም ሀብሩና የአፋር አጎራባች ወረዳዎች ወሬ ይለዋወጡ። ሦስተኛ፥ ጥበቃው ለእርሻ እንደሚደረገው በወንፈል ቢሆን አሥር ማሳ አሥር ልጅ አይፈጅም። መርዝ የመጨረሻው ይሁን።

በዚህ አካባቢ ለምንማር ተማሪዎች ደግሞ ቅርብ የሆነ ሥራ አለን። ከመስከረም እስከ ኅዳር በአንድ ቀበሌ ስንት ልጆች ስንት ቀን በማማ ላይ እንደሚውሉ መቁጠር ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ይህ ቁጥር በተገኘ ጊዜ የግሪሣ ጉዳት በኩንታል ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቀንም ሊለካ ይችላል።