ሲጠጣ የኖረ ቸኮሌት

በጎበሳና በአካባቢው የአርሲ ደጋ፣ ተቆልቶና ተፈትጎ የተፈጨው ገብስ በውኃ ተበጥብጦ በሶ ሆኖ ሲጠጣ ያየ ሰው፣ ዛሬ የሚቆረጠመው ቸኮሌት ለብዙ ዘመናት መጠጥ እንደ ነበረ ቢሰማ እምብዛም አይደነቅም፤ የሜክሲኮ ጥንታውያን ሕዝቦችም የካካዎን ፍሬ አብላልተው፣ ቆልተውና በድንጋይ ፈጭተው፣ ከውኃና ከበርበሬ ጋር ከበጠበጡት በኋላ፣ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ከከፍታ ከዕቃ ወደ ዕቃ ያንቆረቁሩት ነበርና። ስኳሩ የመጣው ስጳኛውያን ከወሰዱት ወዲህ ነው፤ ለእኔ ግን የመጠጡ ጥበብ ከስኳሩ ይልቅ በአረፋው ላይ ይመስለኛል።

መጠጡ በአውሮፓ በተስፋፋ ጊዜ ጾም ይሽራል አይሽርም የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ካርዲናል ብራንካቾ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1664 ዓ.ም. ፈሳሽ ነገር ጾምን አይሽርም ሲሉ ጻፉ፤ ይህም ብያኔ፣ እስከ ተወሰነው ሰዓት ድረስ ውኃ እንኳ ከማይቀመስበት ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር የሚስማማ አይደለም።

በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1828 የሆላንዱ ቫን ሁተን ቤተሰብ የካካዎን ስብ በመጭመቂያ መለየት ቻለ። በየሱቁ የሚሸጠው የካካዎ ዱቄት የዚህ ብልሃት ፍሬ ነው፤ ወተት ያልተቀላቀለበትን ዱቄት በውኃ ብቻ ያፈላ ጿሚ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያለ ሥጋት ሊጠጣው ይችላል።