በኢትዮጵያ የፈረንሳዊ ቅድመ አያት ፍለጋ

ፈረንሳዊ ቅድመ አያት ያለው ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረጉን የሚያገኘው በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ ከተበታተኑ መዛግብት ነው። ኢትዮጵያ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም፤ ጅቡቲ ግን እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሥር ስለነበረች ብዙዎቹ ፈረንሳውያን የገቡት በዚያ በኩል ነው።

ዋናው ምክንያት ምድር ባቡር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የግንባታ ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔም አብሮት ሠራ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። «ለገሀር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ፍለጋውን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። ፈረንሳዮች የቤተሰብ ስም ያወርሳሉ፤ በእኛ አገር ልጅ የሚይዘው የአባቱን መጠሪያ ነው። የፖል ልጅ «ዮሴፍ ፖል»፣ የዮሴፍ ልጅ «አልማዝ ዮሴፍ» ከተባለች፣ በሦስተኛው ትውልድ የፈረንሳዩ ስም ጨርሶ ጠፍቷል። በድሮ ጽሑፍ «ሙሴ» የሚል ቢገኝም ሁልጊዜ የነቢዩን ስም የያዘ ሰው ማለት አይደለም፤ የውጭ አገር ሰው «ሙሴ» (ከፈረንሳይኛው ሙስዬ) ይባል ነበር። ስሙ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ስለሚለዋወጥም አንዱን ስም በብዙ አጻጻፍ መፈለግ ያሻል።

የዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል፤ ሐምሌ 1900 ዓ.ም. እና ጥቅምት 1901 ዓ.ም. ሁለቱም በ1908 እ.ኤ.አ. ውስጥ ይውላሉ።

ዛሬ በቦሌ የሚኖር ሰው ወደ ወረዳው ቢሄድ ስለ ቅድመ አያቱ ብዙ አያገኝም፤ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና። የተሻለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ነው፤ በተለይ የፈረንሳይ ካፑቺኖች በሠሩበት በሐረርጌ በኩል። በፈረንሳይ ደግሞ ሁለት ከተሞች ይጠቅማሉ። ናንት የኤምባሲና የቆንስላ መዛግብት ይገኙባታል፤ በውጭ አገር የተመዘገበ የፈረንሳውያን ልደት፣ ጋብቻና ሞትም እዚያው ነው። ኤክስ አን ፕሮቫንስ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶችን መዛግብት ይዛለች። የልደትና የጋብቻ መዝገብ በአጠቃላይ ለማንም ክፍት የሚሆነው ከ75 ዓመት በኋላ ነው።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባቱ በይፋ ካልተቀበለው በእነዚህ መዛግብት በአባቱ በኩል ላይገኝ ይችላል፤ እናቲቱም ብዙ ጊዜ በስም አትጠቀስም። ዜግነት ለሚፈልግ ሌላም ገደብ አለ፦ በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 30-3 መሠረት፣ ቤተሰቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከፈረንሳይ ውጭ ኖሮ እሱም ሆነ ወላጁ እንደ ፈረንሳዊ ካልታወቁ፣ በዘር ሐረግ ማስረጃ ማቅረብ አይፈቀድለትም።