ለተመላሽ ወታደር የሚሰጥ መሬት ሲያልቅ

ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ሲወድቅ አዲሱ መንግሥት በአፍሪካ ከነበሩት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱን ተረከበ። ብዙም ሳይቆይ የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደየቤቱ ተሸኘ። ግማሽ ያህሉ የገባው ገጠር ነው። እንደ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ባለ የስንዴ፣ የጤፍና የበቆሎ አገር ለተመላሹ የሚሰጠው ነገር ግልጽ ነበር፤ የወራት ቀለብ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ሲገኝም በሬ። ከሁሉም በላይ ግን መሬት።

የገጠሩ መቋቋም ከከተማው ይልቅ የሰመረው ገንዘብ ስለበዛለት አይደለም። ሰውየው የተመለሰው ወደሚያውቀው ሥራ ነው። አንድ በሬ ብቻ የደረሰው ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ አጨዳው ሲደርስ ወንፈል አለ፤ ሐዘን ቢመጣ ዕድር አለ። ይህን ሁሉ የፈጠረው ኮሚሽኑ አልነበረም፤ ተመላሹ ሲደርስ እዚያው ጠበቀው። ወደ ከተማ የገባው ወታደር ግን ሥራ አጥ በበዛበት ገበያ ጥቂት ገንዘብና አጭር ሥልጠና ይዞ ቆመ። ሱቅ፣ ወፍጮ፣ ልብስ ስፌት ሞክሩ ተባለ። ከባዱ ክፍል ያ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው።

ከኤርትራው ጦርነት በኋላ ሁለተኛው ዙር መጣ። የአልጀርስ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ከተፈረመ ወዲህ ወደ 148 ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች ተሰናበቱ፤ የዓለም ባንክም ለዚሁ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደ። በሁለቱ ዙሮች መካከል ግን ጎጃም ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጦ ነበር። በ1989 የአማራ ክልል መሬት ሲያሸጋሽግ የይዞታ ጣሪያው 12 ጥማድ፣ «ቢሮክራት» ለተባሉት የደርግ ዘመን የቀበሌ ሹማምንት ደግሞ 4 ጥማድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መሬቱ ተመዝግቦ ለየባለይዞታው ደብተር ተሰጠ። ይህም ለአርሶ አደሩ ዋስትና ስለሰጠው ደግ ነገር ነበር። ለተመላሽ ወታደር የሚሰጥ ትርፍ መሬት ግን ከዚያ በኋላ የለም። ከሠራዊት የሚመለስ የደብረ ኤልያስ ልጅ መሬት ቢያገኝ ከአባቱ ተካፍሎ ወይም የእኩል አርሶ ነው። የቀረው በር አነስተኛ ንግድ ነው፤ ያ በር ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ከሁለቱ የደከመው ነበር።

አሁን ያለንበት ሦስተኛው ዙር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ቀጥሎም የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዕቅዱ በተለያዩ ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ኅዳር 12 ቀን 2017 በመቀሌ ተጀመረ። ስለ ሥራው የምንሰማው ሪፖርት በአብዛኛው ስንት ሰው ትጥቅ አስረክቦ፣ ሥልጠና ወስዶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሄደ የሚል ነው። ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ሆኖም የሚቆጥረው መግቢያውን ነው። ሰውየው የከፈተው ሥራ ሁለት ዓመት ቆየ ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሪፖርት መልስ አያገኝም።

ብር የመግዛት አቅሙን ሲያጣ የመቋቋሚያ ገንዘብም አብሮ ይጎዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። በብር ቁርጥ ያለ ድጎማ ከተወሰነበት ቀን እስከ ተከፈለበት ቀን ድረስ ዕቃው እያመለጠው ይሄዳል።

ቀጥሎ ብድር አለ። በአማራ ክልል የገጠርና የትንሽ ከተማ ብድር ዋና ምንጭ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ጣሪያውን ከፍ ያደረገው ቆይቶ ነው። ጣሪያ ያለበት ባንክ የሚያበድረው አስቀድሞ ለሚያውቀው ደንበኛ ነው፤ ከሠራዊት የመጣ ሰው የብድር ታሪክ የለውም። በተለመደው አሠራር 20 በመቶ አስቀድሞ መቆጠብም አለ፤ ለ200 ሺህ ብር ብድር 40 ሺህ ብር ማለት ነው። ተመላሹ ያንን ከመቋቋሚያው ገንዘብ ቀንሶ ከከፈለ፣ ለሥራ መነሻ የተሰጠው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመክፈያው ጊዜ ነው። ደብረ ኤልያስ ላይ መሬት ለሌለው ሰው ቶሎ የሚገባበት ሥራ ከብት ማድለብ ነው እንበል። በጥር የገዛውን በሬ የሚሸጠው ለፋሲካ ነው። በመካከሉ 55 ቀን የዐቢይ ጾም አለ፤ ሥጋ ቤት ተዘግቶ ይከርማል። ብድሩ በየወሩ የሚከፈል ከሆነ የካቲትና መጋቢት ላይ ምን ይሸጣል? በሬውን ሳይደልብ ይሸጠዋል፣ ወይም በአራጣ ይበደራል። የእህል ነጋዴውም እንዲሁ ነው፤ በጥር ርካሽ ገዝቶ ለክረምት ማቆየት ሲገባው ለወርኃዊ ክፍያ ሲል በርካሹ ወር መልሶ ይሸጣል። አትራፊ ሊሆን የሚችል ሥራ በክፍያ ሰሌዳ ብቻ አክሳሪ ይሆናል። ክፍያውን ከፋሲካ፣ ከእንቁጣጣሽና ከመኸሩ ጋር ማገናኘት ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የብድር ውሉን የሚያረቀው ሰው ወረዳውን እንዲያውቅ ነው።

«ተደራጅታችሁ ኑ» የሚለው መመሪያም ተመላሽ ወታደር ላይ በጭፍን ሊሠራበት አይገባም። የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች አንዱ ለሌላው ዕዳ ዋስ ሆነው ሲፈርሙ አንዱ ጥሎ ቢሄድ አራቱ ይወድቃሉ። መሬት ካለው ወንድሙ ወይም ሥራውን ከሚያውቅ የአገሩ ሰው ጋር መጣመር ለሚፈልግ መንገዱ ይከፈትለት። መቀናጆን ለዘመናት ያቆየው ሰው አጣማጁን ራሱ መምረጡ ነው።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይሰጥ ወይስ በክፍል? በዚህ ላይ ጠቃሚ ማስረጃ የሚገኘው ከላይቤሪያ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ጂኒ አናን በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከ1 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ተከታትሏል። የግብርና ሥልጠናና የመነሻ ካፒታል ያገኙት ከሕገወጥ ሥራ ሙሉ በሙሉ ባይወጡም ለእሱ የሚያውሉትን ሰዓት 20 በመቶ ያህል ቀንሰው ወደ እርሻ አዞሩ፤ ገቢያቸውም በወር ወደ 12 ዶላር ጨመረ። በጎረቤት ኮትዲቯር ጦርነት ሲነሣ ቅጥረኛ ለመሆን ፍላጎታቸው በተለይ የቀነሰው ደግሞ ገና የሚከፈላቸውን ካፒታል የሚጠብቁት ነበሩ። ቀጣዩ ክፍያ ሰውየውን ከሥራው ጋር ያቆየዋል። ይህ የሚሆነው ግን ክፍያው በቃሉ ሲመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ከተባባሰ ወዲህ መንገድና ገበያ በሚቋረጥበት ክልላችን፣ የተቋረጠ ክፍያ ጉዳቱ ከገንዘቡ መጠን በላይ ነው።

ወታደሩ ባዶ እጁን አይመለስም። ሠራዊቱ ሾፌር፣ መካኒክ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የሕክምና ረዳት፣ ወጥ ቤት ያሠለጥናል። መካኒኩ ገበያ ላይ ሲወጣ የሚጠየቀው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ምዘናው ከመሰናበቱ በፊት በካምፕ ውስጥ ቢሰጥ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ጋራዥ ለመቀጠር ወይም ደብረ ኤልያስ ላይ የሞተርና የፓምፕ ጥገና ለመክፈት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ለሁሉም ከሚሰጥ የአጭር ጊዜ የንግድ ሥልጠና ይልቅ ገንዘቡ ለዚህ ቢወጣ እመርጣለሁ። በጦርነት አካሉ የጎደለው ወታደር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ በዘላቂ አበልና በሕክምና መደገፍ አለበት እንጂ ነግደህ ኑር ሊባል አይገባም።

የተሃድሶ ኮሚሽኑና የክልሉ መንግሥት በየወረዳው እያንዳንዱ ተመላሽ ድጋፍ ካገኘ በ12ኛውና በ24ኛው ወር የከፈተው ሥራ መኖሩን፣ ከተዘጋም ለምን እንደተዘጋ መዝግበው ለሕዝብ ያትሙ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የወረዳ ባለሙያና አንድ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ሳይኖር ለቀጣዩ ዙር ብድር መፈረም የለበትም።