ደራሽ ውሃ፣ ደራሽ ሰው

ባሌ ሮቤ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው የሳነቴን አምባ በደመና ተሸፍኖ ማየት ብርቅ አይደለም። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ የሚገኘው እዚያ አምባ ላይ ነው። የወረደውን ዝናብ ሣሩና ረግረጉ የቻሉትን ያህል ይይዙታል፤ የተረፈው ቁልቁል ጉዞ ይጀምራል። የሮቤው ሻያና የጎባው ቶጎና ወደ ወይብ ይገባሉ። ወይብ ሶፍ ዑመር ሲደርስ፣ በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መተላለፊያዎች ያሉትን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ መጨረሻውም ገናሌ ነው። በሌላ በኩል የባሌና የአርሲ ደጋ ውሃ ዋቢ ሸበሌን ይሞላል። ዋቢ ኢሚን፣ ጎዴን፣ ቀላፎንና ሙስታሂልን አልፎ ሶማሊያ ይገባል። ደጋው ላይ ጃንጥላ ያስዘረጋ ዝናብ ቆላው ላይ ቤት የሚያስለቅቅ ሙላት ይሆናል።

ድንገት የሚመጣውን ጎርፍ «ደራሽ ውሃ» እንለዋለን። በጭንቅ ጊዜ የሚመጣውንም ሰው «ደራሽ» እንለዋለን፤ ረዳት ያጣ ሰው «ደራሽ የለኝም» ብሎ ያለቅሳል። እዚህ የማስተዋውቀው ሁለተኛውን ደራሽ ነው። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲቆረጥ ለገጠሩ ሰው ማን ይደርስለታል? በምን?

መንገድ ተቆረጠ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በውሃ የተከበበ ጎጆ ነው። በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ የስንዴ ሜዳ ግን ውሃ ሳይከበውም ሰው ይቆረጣል። አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል፤ ሲዘንብበት ያብጥና ይዘጋል፤ ውሃም አላሰርግ ይላል። ከዚያ በኋላ አምቡላንስ ጥርጊያው ላይ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላና ቦታው ላይ ይሽከረከራል። ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን ይሻገርና በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ናዳ ከዘጋው ያለው ምርጫ መጠበቅ ወይም ሩቅ መዞር ነው።

እስቲ አንድ መሻገሪያ አጠገብ እንቁም። ቦታው የትኛውም የባሌ ወንዝ ሊሆን ይችላል። በዚያኛው ዳር ምጥ የያዛት ሴት ቃሬዛ ላይ ተኝታለች። ቃሬዛው ሁለት አጣናና መካከሉ ላይ የታሰረ ብርድ ልብስ ነው። አራት ሰው ተሸክሟል፤ አራት ሰው ተራውን ይጠብቃል። ጠዋት ጥጃ የሚሻገረው ወንዝ አሁን ደፍርሶ ግንድ ያንከባልላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዱላውን ዳር ላይ ይተክልና ውሃው የነካበትን ቦታ በቢላ ጫር ያደርጋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያያል። ጭረቷ ከተዋጠች ውሃው ገና እየጨመረ ነው፤ ብቅ ካለች እየጎደለ ነው። ያቺ ዱላ መሐንዲሶች ድልድይ ምሰሶ ላይ ቁጥር ጽፈው ከሚሠሩት መለኪያ በሥራዋ አትለይም። ሽማግሌው «ቆዩ» ካለ መቆየት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አዋቂ ሰው ሊጥል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ከሥሩ ያለው መንገድ ተቦርቡሮ እንደሆነም ከላይ አይታይም።

የመጀመሪያው ደራሽ ጎረቤት ነው። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ጎረቤትን ቆጥሮ የማይጀምር የአደጋ ጊዜ እቅድ መሠረቱን ስቷል። ገመድ ያለው ገመድ ያመጣል። የመኪና ካላማዳሪያ ተነፍቶ፣ ባዶ ጀሪካን ክዳኑ ጠብቆ ተደርድሮ ሲታሰር ሰው ይይዛል። በስንዴው አገር ደግሞ ትራክተር አለ፤ ተለቅ ባለ የኋላ ጎማው አምቡላንስ የተቀረቀረበትን ጭቃ ያልፋል፤ በተጎታቹም በሽተኛ ይጭናል። ፈረስም አለ።

ከጎረቤት ቀጥሎ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ይመጣል። በኦሮሚያ ይህን ሥራ የያዘው ተቋም ስሙን የወሰደው ቡሳ ጎኖፋ ከሚባለው የኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓት ነው። በተለይ ቦረናዎች ዘንድ ከብቶቹ ያለቁበት ሰው ጉዳዩ በጎሳው ጉባኤ ፊት ይቀርብና እንደገና ከብት ይዋጣለታል። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ሲጠይቅ ለማኝ አይባልም፤ መብቱን ነው የጠየቀው። ያ ሥርዓት አሁን እህልና ገንዘብ አስቀድሞ እያዋጣ መጋዘን የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ሆኗል። በአገር ደረጃ ያለው የአደጋ ስጋት ኮሚሽን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከወሎ ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም ከተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ነው። በ1927 ዓ.ም፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ደግሞ ከተቋማቱ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል።

የእነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነው፦ የሚጭኑት ነገር ከባድ ነው። በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፤ በጠቅላላ 17 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኤም አይ 17 ሄሊኮፕተር ቢበዛ 4 ቶን ይጭናል። ሲካፈል 235 ሰው ገደማ ለአንድ ወር ይመግባል ማለት ነው። 40 ቶን የጫነ መኪና ከነተሳቢው በአንድ ጉዞ የአሥር ሄሊኮፕተር ሥራ ይሠራል፤ ያውም እጅግ ባነሰ ወጪ። በዚያ ላይ የባሌ ከፍታ አለ፤ አየሩ ሲሳሳ ሄሊኮፕተር የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ደመና ሳነቴ ላይ ሲተኛ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ሄሊኮፕተር ከዛፍና ከጣራ ላይ ሰው ለማውረድ መተኪያ የለውም። ሕዝብ መመገብ ግን የመኪና ሥራ ነው፤ መኪናው ደግሞ ወንዙ ዳር ቆሟል።

በሚያዝያ 1997 ዓ.ም የሆነው ሙላቱ ከመጣ በኋላ መድረስ እንዴት እንደሚከብድ ያሳያል። ዋቢ ሸበሌ በሌሊት ሞልቶ ጎዴ አካባቢ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። የተረፉት ዛፍ ላይ ወጥተው ነበር፤ ውሃው ውስጥ ባሉት አዞዎች የተነሳ የነፍስ አድን ሥራው ከባድ ሆነ። በ2016 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ኤልኒኞ ያበረታው ዝናብ ዋቢንና ገናሌን አስሞልቶ በሶማሌ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ፤ መንገዶችና ድልድዮች ተቆረጡ። አዳባ አጠገብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀው የመልካ ዋከና ግድብ የዋቢን የላይኛውን ውሃ ይይዛል፤ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ገባሮች ግን አይዝም።

ስለዚህ የማምንበትን ልናገር። እርዳታ ወንዙ ሳይሞላ ወንዙን መሻገር አለበት። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በጤና ጣቢያ ግቢ ያለው የእናቶች ማቆያ የተሠራው በዚሁ ነው። ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እዚያ ትሰነብታለች፤ ምጡ ሲመጣ ወንዙ ከኋላዋ ነው። ቃሬዛ ላይ ያየናት ሴት ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ያቺ ዱላ ባላስፈለገች። እህሉም እንዲሁ ነው። ጋና የሚባለው የዝናብ ወቅት ከመግባቱ በፊት ወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ 17 ኪሎ፣ በኋላ በሰማይ ከሚመጣው ይቀድማል። የቀበሌው ዝርዝርም በደረቁ ወር ቢዘጋጅ ነው የሚሻለው፤ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር መድኃኒት የሚወጋ፣ መራመድ የማይችል አዛውንት በየትኛው ቤት እንዳለ ውሃው ከሞላ በኋላ መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል።

ከእህሉ ጋር የውሃ ማከሚያ መግባት አለበት። ጎርፍ መጸዳጃ ቤቱንና ምንጩን ያገናኛል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የሚነሳው ከዚያ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ የተነሳው ኮሌራ ቆይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል፤ በሽታው መንገድ ካገኘ ወረዳ አያግደውም። ውሃ አጋር የሚባለው ማከሚያ አንድ ጠርሙስ በኪስ ይገባል። ከሚጓጓዘው እርዳታ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው፤ ግን ቀድሞ ከሌለ እሱም የለም።

ከውሃ አጋርም የሚቀል አንድ እርዳታ አለ፤ ስልክ ነው። የትናንሽ ገባሮች ሙላት በሰዓታት ይደርሳል፤ በትልቁ ወንዝ ከደጋው ተነስቶ ጎዴ ለመድረስ ግን ቀናት ይወስዳል። ያ ጊዜ ከብት ወደ ከፍታ ለመንዳት፣ ልጆችንና አዛውንቶችን ለማሸሽ፣ ዘርና መድኃኒት ቆጥ ላይ ለመስቀል ይበቃል። የሜትሮሎጂ ትንበያ ይህን ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ይበልጥ የሚያምነው የሚያውቀውን ድምፅ ነው።

ሮቤና ጎባ የምትኖሩ፣ ጎሮ፣ ጊኒር ወይም ኢሚ ዘመድ ያላችሁ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ደግሞ ጠዋት ከቁርስ በፊት ታች ላለው ሰው ደውሉ።