ያውቁ ኖሯል? የጎጃም ልጅ ስኩባ ላስተምር ብሎ ባሕር ማዶ ቢነሣ

ያውቁ ኖሯል? ፍኖተ ሰላም በረንዳው ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው የሚተነፍሰው አየር በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጥ ካለው አየር እምብዛም አይለይም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊትም ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል።

ለቡና ጠጪው ይህ ምንም አይደለም፤ ለጠላቂ ግን የጤና ጉዳይ ነው። የታመቀ አየር በጀርባው አዝሎ ባሕር ሲጠልቅ የዋለ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይጠራቀማል። ቶሎ ወደ ስስ አየር ከወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል፤ ሲከፋም ሽባ ያደርገዋል። ለዚህ ነው በተደጋጋሚ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመከረው። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወደ ደጋ የሚመለሰውም ከዚህ አያመልጥም። አረፋው በምን እንደተሳፈሩ አይጠይቅም።

ያውቁ ኖሯል? ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ፣ ኮሶበር ሊደርሱ ሲሉ የሚያገኙት ዘንገና ሐይቅ 166 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ጣና ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይዘልም። የጀማሪ ጠላቂ ሰርተፊኬት እስከ 18 ሜትር ስለሚፈቅድ ጣና ለጀማሪውም አይበቃውም። ዘንገና ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል፤ ችግሩ ከፍታው ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እዚያ 18 ሜትር የጠለቀ ሰው በስሌቱ ባሕር ውስጥ 24 ሜትር ያህል እንደጠለቀ ይቆጠራል። በእኔ ግምት ዘንገና መለማመጃ ሳይሆን የመጨረሻ ፈተና ነው።

አስተማሪ ለመሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው የጠላቂ መምህራን ድርጅት ፓዲ በሚከተለው ሥርዓት፣ ከመምህርነት በፊት ዳይቭማስተር የሚባል ደረጃ አለ። ለእርሱ 400 ሜትር ያለ ዕረፍት መዋኘትና 15 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ እጅን ከውሃ አውጥቶ። ላህና ብር ወንዝ ዋና የለመደ ልጅ ይህ ላያስፈራው ይችላል። የሚያስፈራው ወጪው ነው፦ ለመምህርነት ፈተና ለመቀመጥ 100 ጊዜ መጥለቅን የሚያሳይ መዝገብ ይጠየቃል፣ ጀልባውና ሲሊንደሩ በየጊዜው ይከፈልባቸዋል። ዕድሜ ከ18 ማነስ የለበትም፤ የሐኪም ማረጋገጫም የግድ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ብዙ የስኩባ ማዕከሎች ለመምህሩ ቋሚ ደመወዝ አይከፍሉም፤ ባስተማረው ተማሪ ቁጥር ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ቀጣሪው ከሰርተፊኬቱ ቀጥሎ የሚያየው ቋንቋ ነው። ጅቡቲ ላይ ፈረንሳይኛ፣ ግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ሩሲያኛና ጀርመንኛ ገበያ አላቸው። ጅቡቲ ከሁሉ ትቀርበናለች፤ ለቡሬ በቆሎ የሚሆነው ማዳበሪያ የሚገባው በእርሷ ወደብ ነው። የዓለም ትልቁ ዓሣ ዌል ሻርክም ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ወራት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፤ ጎብኚውም እርሱን ተከትሎ።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ነገር። ለምሳሌ ታይላንድ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው፤ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። በእኛ በኩል ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት የሠራተኛው ወጪ ሲሆኑ፣ የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት የአሠሪው ናቸው። መናኸሪያ አካባቢ «ለቪዛ» ብሎ ብር የሚሰበስብ ደላላ ይህን አንቀጽ ሲጠቅስ ሰምቼ አላውቅም።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን ተቋም አለው። የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃን ተቀብሎ ያሠለጥናል፤ ሠልጣኞቹም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ። የባሕር ሥራ ለሚመኝ የምዕራብ ጎጃም ልጅ ከስኩባ ይልቅ የቀረበውና የተጠረገው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ውሃ መንካትን ግን አያስቀርም፦ የሞተር ክፍል ሠራተኛም ቢሆን መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሕይወት ጃኬት ለብሶ ከከፍታ ውሃ ውስጥ መዝለልና የተገለበጠ በአየር የሚነፋ የነፍስ አድን ጀልባ ማቃናት ይጠበቅበታል።