ሞላው ሲቆረጥ ክብደቱ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። አንድ ወጣት መካኒክ የቪትዝ የፊት ሞላ አውጥቶ በግራይንደር ሁለት ዙር ይቆርጥና መኪናዋን ዝቅ አድርጎ ያቆማታል። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ ከአሁን በኋላ ኩርባ ላይ ክብደት ከጎን ወደ ጎን እንደማይተላለፍ፣ መኪናዋም እንደ ውድድር መኪና መንገድ እንደምትይዝ ያበስራል። ልጁን አልወቅስም፤ ከአለቆቹ የሰማውን ነው የደገመው። የሚያበሳጨኝ ቪዲዮውን እየተቀበሉ «ሳይንስ ነው» የሚሉት ናቸው። ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው።

ትንሽና ርካሽ መኪና ለአማተር ውድድር ማዘጋጀት ራሱ የሚናቅ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2006 የተጀመረ፣ የፈረንሳዩን የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በስሙ የሚያሾፍ «24 አወርስ ኦቭ ሌመንስ» የሚባል ውድድር አለ። ደንቡ መኪናው ከነማሻሻያው ከ500 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ይላል። ከዚህ ጣሪያ ነጻ የሆኑት የደህንነት ዕቃዎች ናቸው፤ ሾፌሩን የሚከልለው የብረት ቱቦ ቀፎ (ሮል ኬጅ)፣ ወንበር፣ ቀበቶ፣ ፍሬን፣ ጎማ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ በፈረንጆቹ 2000 የቪትዝ ብቻ ውድድር ተጀምሮ እስከ 2020 ዘለቀ። እዚያ የሚሮጡት ሰሌዳ ያላቸው መኪኖች ነበሩ፤ ባለቤቱ በመኪናዋ ሄዶ፣ ተወዳድሮ፣ በዚያችው መኪና ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ሞተር መነካካት ክልክል ነበር። (አዲስ አበባ ላይ ቪትዝን «ርካሽ መኪና» ማለት እንደ ስድብ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኋላ፣ ይልቁንም የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ቃሉ ለእኛ አይሠራም። ለጃፓኖቹ ግን ይሠራል።)

ሞተሩን በአጭሩ ልለፈው። የመጀመሪያዋ ትውልድ ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተር ባሕር ጠለል ላይ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። 53 ገደማ ቀረ ማለት ነው። ማርሚታ ቀዶ ጥቂት ፈረስ ለመመለስ የሚደክም ሰው ያገኘው በአብዛኛው ድምፅ ነው። ጎማ ግን ከፍታ አያውቅም። መንገድ የመያዝ አቅሙ ቦሌም ላይ ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው ነው። ጉልበቷ አነስተኛ የሆነ መኪና ጊዜ የምታተርፈው ኩርባ ላይ ሳትቀዘቅዝ ስትወጣ ነው፤ ስለዚህ ወሬያችን ወደ ኩርባው ይግባ።

መኪናዋ ከነሾፌሯ 1,000 ኪሎ ትመዝን እንበል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.45 ሜትር፣ ከመሬት እስከ ክብደት ማዕከሏ 55 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ኩርባው ላይ ወደ ጎን የሚገፋት ኃይል የክብደቷ 80 ከመቶ ከሆነ፣ ከውስጠኛው ጎማዎች ተነስቶ በውጭኞቹ ላይ የሚጫነው 800 ሲባዛ በ0.55፣ ሲካፈል ለ1.45 ነው፤ 303 ኪሎ። ክብደት «ተላለፈ» ስል ዕቃ ተንከባለለ ማለቴ አይደለም፤ መሬቱን የሚጫነው ኃይል ድርሻው ተለወጠ ማለቴ ነው። ቆማ ሳለ በየጎኑ 500 የነበረው ውስጥ ወደ 197 ወርዶ ውጭ ወደ 803 ወጣ።

አሁን ሒሳቡን ደግመው ይዩት። ፍጥነቱና ኩርባው አለ፣ ከፍታው አለ፣ ስፋቱ አለ። ሞላ የለም። ሞላው እንደ ድንጋይ ቢጠነክር፣ መኪናዋ አንድ ዲግሪ እንኳ ባታጋድል፣ 303ቱ ኪሎ ይተላለፋል። ምንም መተጣጠፊያ የሌላት የካርት መኪና ክብደት ታስተላልፋለች፤ እንዲያውም ኩርባ የምትዞረው የውስጥ የኋላ ጎማዋን አንስታ ነው። ማጋደልና ክብደት መተላለፍ አብረው ስለሚታዩ አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስላል፤ ዋናው አሳሳች ነገር ይህ ነው።

ዝቅ ማለቱስ? እሱ በሒሳቡ ውስጥ አለ፤ አልክድም። 5 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ 303 የነበረው 276 ይሆናል። ትርፉ 27 ኪሎ ነው። ወደ ዋጋው በኋላ እንመለሳለን።

ታዲያ ሞላ ምን ይሠራል? የሚተላለፈውን መጠን ሳይሆን የሚያርፍበትን ቦታ ይወስናል። 303ቱ ኪሎ በፊትና በኋላ ጥንድ ጎማዎች መካከል ይከፋፈላል፤ ግትር የሆነው ጫፍ አብዛኛውን ይወስዳል። ፊቱን ቢያጠነክሩ የፊት ውጭኛ ጎማ ይሸከመዋል፣ ኋላውን ቢያጠነክሩ የኋላው።

ለምን ይህን ያህል አስጨነቀኝ? የጎማ ጠባይ ስለሆነ ነው። ጎማ ጭነት በበዛበት ቁጥር የሚይዘው ኃይል ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን እያነሰ ይሄዳል። ሁለት ተሸካሚዎች ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ይዘው ዳገት ይወጣሉ፤ ዘጠናውን በአንዱ ጀርባ፣ አሥሩን በሌላው ላይ ቢጭኑት ግን ድምሩ ሳይለወጥ ጉዞው ይበላሻል። ጎማም እንዲሁ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ 250 ኪሎ የተጫነው ጎማ ወደ ጎን 250 ኪሎ ያህል ኃይል ይያዝ። 400 ቢጭኑት 400 አይዝም፤ 360 ይዞ መንሸራተት ይጀምራል። 100 ብቻ የቀረለት ጓደኛው 106 ይይዛል። እኩል ሲካፈሉ 500 የያዘው ጥንድ አሁን የያዘው 466 ነው። 34ቱ የትም አልተደበቀም፤ ጠፋ። የሻንሲ ማስተካከል ሥራ ሁሉ ይህች ጥፋት በየትኛው ጥንድ ላይ ትድረስ የሚለውን መምረጥ ነው።

ቪትዝን የመሰለ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከመነሻው አድልዎ አለበት። ከክብደቱ 60 ከመቶ ያህሉ ፊት ነው። የፊት ጎማዎች ይጎትታሉ፣ ይዞራሉ፣ ከፍሬኑም አብዛኛውን ይችላሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ መጀመሪያ የሚደክመው ፊቱ ነው፤ መሪውን እያዞሩ መኪናው ወደ ውጭ ይሸሻል። መድኃኒቱ ግልጽ ነው፤ ሥራ የበዛበትን የፊት ጥንድ አሳርፈው ጥፋቷን ሥራ ለፈታው ለኋላው ይስጡ። በተግባር ይህ ማለት የኋላ ጎማዎችን በሚያገናኘው ተጠማዛዥ አግዳሚ ብረት ላይ ኋላውን የሚያጠነክር ተጨማሪ ስታቢላይዘር ማሰር ነው። የትንንሽ መኪኖችን ውድድር ያየ ሰው የውስጠኛው የኋላ ጎማ ኩርባ ላይ ከአስፋልቱ ተነስቶ በአየር ሲዞር ታዝቧል። ለማያውቀው ሊገለበጥ ይመስላል። የሆነው ግን የኋላው ጥንድ ሊያስተላልፍ የሚችለውን ሁሉ አስተላልፎ ጨርሷል፤ ፊቱም እስከዚያ ድረስ እፎይ ብሏል። ጎማው አንዴ ከተነሳ በኋላ ኋላው የሚሰጠው የለም፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል።

እንግዲህ በግራይንደሩ የተሠራውን እንመርምር። የሞላ ግትርነት ከሚሠሩት ዙሮች ቁጥር ጋር በተቃራኒ ይሄዳል፤ ስድስት ዙር የነበረው አራት ሲቀረው በ50 ከመቶ ይጠነክራል። ሞላው ጠነከረ ማለቱ እውነት ነው። የጠነከረው ግን ፊቱ ነው። ጥፋቷን ቀድሞ ለደከመው ጥንድ ጨመሩለት።

ይህ ትንሹ ጉዳት ነው። ሞላው ሲጨመቅ ከመጨረሻው በፊት የሚቀበለው ጎሚኒ አለ። እስከዚያ ድረስ 8 ሳንቲ ሜትር ቦታ ነበር እንበል። መኪናው 5 ከወረደ 3 ይቀራል። በዚያች 3 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ሞላው 2.7 እጥፍ ያህል መጠንከር ነበረበት፤ እሱ የጠነከረው 1.5 እጥፍ ነው። ስለዚህ ኩርባው መሃል ጎሚኒው ላይ ይቀመጣል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ሞላ የሌለው ያህል ይገተራል፣ ጭነቱ በአንድ ጊዜ የፊት ውጭኛ ጎማ ላይ ይወድቃል፣ መኪናው እንደ ሸርተቴ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሾፌሩ በጎማው ያሳብባል።

ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው አያየውም። የቪትዝ ፊት የማክፈርሰን አሠራር ነው። ኧርል ማክፈርሰን የተባለው መሐንዲስ ያቀደው፣ በፈረንጆቹ 1950 ለሕዝብ በታዩት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር የታወቀው፣ ሞላና አሞርዛተሩ በአንድ ቋሚ ላይ የሚቀመጡበት ነው። ርካሽ ነው፣ ቦታ ይቆጥባል። መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ፣ የማጋደል ማዕከሉ፣ የሚገኘው ከቋሚው አናትና ከታችኛው ክንድ ከብራቾው አቀማመጥ ነው። ፋብሪካው ብራቾውን ወደ ጎማው ትንሽ አዘቅዝቆ ይሠራዋል። መኪናው ሲወርድ ብራቾው ቀና ብሎ የጎማ ጫፉ ከሻንሲው ጫፍ በላይ ይሆናል። ያኔ የማጋደል ማዕከሉ የክብደት ማዕከሉ ከወረደው በላይ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ማጋደያ ምሳሩ ነው። መኪናው ዝቅ ብሎ ሳለ የሚያጋድለው ጉልበት ጨመረ። ይህን የሚያውቁ ተወዳዳሪዎች መኪናውን ካወረዱ በኋላ የብራቾውን መጋጠሚያ የሚያወርድ ዕቃ ያስገባሉ። ግራይንደር ይህን አያደርግም።

እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ልጠንቀቅ። ከላይ ያስቀመጥኩት ሒሳብ መኪናው በወጥ ፍጥነት፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ፣ ወጥ ኩርባ ሲዞር ነው። መሪ ሲመታ፣ ፍሬን ሲለቀቅ ባለው ቅጽበት አሞርዛተሩ ራሱ ጭነቱ በምን ፍጥነት የት እንደሚደርስ ይወስናል። ሰውነቱ ሲያጋድል የክብደት ማዕከሉ ጥቂት ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ ማጋደል በሽግግሩ ውስጥ ትንሽ እጅ አለው። የማጋደል ማዕከል የሚባለው ነጥብም መኪናው ሲንቀሳቀስ ቦታውን ይቀያይራል፤ ከነጥቡ ይልቅ በየጎማው ያለውን ኃይል ብቻ እንቁጠር የሚሉ መሐንዲሶች አሉ፣ ክርክራቸውም ዋዛ አይደለም። ማጋደልን መቀነስም ዋጋ አለው፤ ማክፈርሰን ሲያጋድል ጎማውን ከመንገዱ ጋር ስለሚያዛንፈው ጎማው በትከሻው ይሄዳል። ጠንካራ ሞላ የሚረዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ክብደት ስለሚያስቀር ግን አይደለም።

ገንዘብ ያለው በዚህ ቅደም ተከተል ያውጣው። መጀመሪያ ቀበቶ፣ ወንበርና ሮል ኬጅ። ቀጥሎ ጎማ። ከዚያ የፍሬን ዘይት፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት የጠጣ አሮጌ ዘይት ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ያለበት ፔዳል መሬት ይነካል። ከዚያ የፊት ጎማዎች አናት ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል አላይመንት (ካምበር) ማስተካከል። ከዚያ የኋላ ስታቢላይዘር። ሞላ ከፈለገ ከአሞርዛተሩ ጋር ተመጣጥኖ የተሠራ ይግዛ። ሞተር መጨረሻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኋላው የጠነከረ መኪና በክረምት እርጥብ መንገድ ኩርባ መሃል ነዳጅ ቢለቁበት ኋላው ይወረወራል፤ ስለዚህ በዚያችው መኪና ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ስታቢላይዘሩን ይፍታ።

ለማመን የሚያስቸግር ከሆነ ነጭ ጠመኔ ይግዙ። በተዘጋ ሜዳ ላይ፣ በፊት ጎማው ትከሻ ከጥርሱ እስከ ጎኑ አንድ መስመር ያስምሩና ጥቂት ኩርባ ዞረው ይዩት። ጠመኔው ጎኑ ድረስ ከጠፋ ጎማው በትከሻው ሄዷል። ከዚያ ከንፋሱም፣ ከካምበሩም፣ ከስታቢላይዘሩም አንዱን ብቻ ቀይረው እንደገና ያስምሩ። ሁለት ነገር አብረው ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም፤ ቪዲዮው የጎደለው ይህቺው ነበረች።